የአህያዋ ጉድጓድና የኤሊው ምርመራ

አንድ ጊዜ፣ በሞቃቱ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ዕድሜ ልኳን የሌላውን ውሃ ስትሸከም የኖረች አህያ ነበረች። ወንዙ ሩቅ ነው፤ መንገዱ ዳገት ነው፤ ጀሪካኑም ጀርባዋን ልጦታል። በመጨረሻ መረራትና ደጇ ላይ መሬቱን በሰኮናዋ መቆፈር ያዘች። ኩልል ያለ ውሃ እስኪፈልቅላት ድረስ አላቆመችም። ሲፈልቅ አናፋች፤ አገሩ ሁሉ ሰማት።

መጀመሪያ የደረሰው ቀበሮ ነው። ከውሃው ላስ አደረገና ዓይኑን ጨፈነ።

«እመት አህዪት፣ እኔ ውሃ መርማሪ ነኝ» አላት። «ይህ ውሃ ጣዕሙ ማር፣ መልኩ መስተዋት ነው። እንከን የለበትም።»

«ሙያውን የት ተማርከው?»

«ምላሴ አብሮኝ ነው የተወለደው።»

አህያዋም ለምርመራው ውለታ በየማለዳው አንድ ጀሪካን ውሃ እስከ ቤቱ ታደርስለት ጀመር።

ቀጥሎ አያ ጅቦ መጣ። እሱ ቅምሻ አያውቅም፤ አንድ ባልዲ ጨልጦ ሌላ ባልዲ ጠየቀ። አህያዋ ከቀዳችለት በኋላ ራቅ ብላ ትቆም ነበር።

ዓመታት አለፉ። በጉድጓዱ ውሃ ያደገው ውርንጭላዋ የወተት ጥርሱን ጥሎ ሌላ አበቀለ። አዲሱ ጥርስ ግን ቡናማ ሆኖ ወጣ።

«እማዬ፣ በመፋቂያ ብፈገፍገውም አይነጣም» አላት።

አህያዋ ደንግጣ ቀበሮን አስጠራችው።

«የዘር ነው» አለ ቀበሮ። «አባቱም እንዲሁ ነበር።»

«አባቱን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም። ግን ይመስለኛል።»

በወንዝ ውሃ ያደጉት የጎረቤት ውርንጭሎች ጥርስ ነጭ መሆኑን አህያዋ አይታለች። ሆኖም ውሃው መጥፎ ከሆነ ያ ዳገት፣ ያ ጀሪካን እየጠበቃት ነው። ስለዚህ ምንም እንዳላየች ሆነች። ልጇ ግን ሲስቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመረ። ይህን ስታይ አላስቻላትም፤ ንጹሕ ጠርሙስ በጉድጓዱ ውሃ ሞልታ፣ ውሃ መመርመር ሙያው ወደሆነ አንድ ኤሊ ምርመራ ቤት ሄደች።

ኤሊው ውሃውን አልቀመሰም። ቀይ ጠብታ ጨመረበትና ጠበቀ። ቀዩ ቀለም ገረጣ።

«ፍሎራይድ በዝቶበታል» አላት። «ማንም የጨመረብሽ አይደለም፤ ከሥር ካለው ዐለት እየሟሟ የሚገባ ማዕድን ነው። አይታይም፣ አይሸትም። ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ ሲቆይ ደግሞ አጥንት ያደርቃል።»

«አፈላዋለኋ!»

«ብታፈዪው ውሃው ይተናል፣ ማዕድኑ ይቀራል። ይብስበታል።»

«ይህን ሁሉ ደክሜ?» አለች።

ኤሊው ጠርሙሷን መለሰላት። «ዐለቱን አንቺ አላኖርሽውም። ውሃውን ለእጥበት አድርጊው። ለመጠጥ ግን ከወንዝ ቅጂ፤ ሲዘንብም ከጣሪያሽ አጠራቅሚ።»

አህያዋ ተመልሳ ለጎረቤት ሁሉ ነገረች። ቀበሮ ዓይኑን ሳያሽ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። «እንግዲህ የእኔን ጀሪካን ከነገ ጀምሮ ከወንዙ አድርጊልኝ።»

«ምላስህ ይቅዳልህ» አለችው።

አያ ጅቦ ደግሞ ሐሴት አደረገ። «እናንተ ካልጠጣችሁ ሁሉም ለእኔ ተረፈ!» ብሎ ጉድጓዱ አጠገብ ጎጆ ቀለሰ። አህያዋ አስጠነቀቀችው፤ ደግማም አስጠነቀቀችው። እሱ እየጠጣ ሰማት። ከጊዜ በኋላ አንገቱ አልዞር አለው፤ ወደ ጎን ለማየት መላ ሰውነቱን ማዞር ግድ ሆነበት። ምን ነካህ ሲሉት «እርጅና ነው» ይላል፤ ባልዲውን ሳያስቀምጥ።

አህያዋ ወደ ዳገቷ ተመለሰች። የልጇ ጥርስ ቡናማ እንደሆነ ቀረ፤ አንዴ ቡናማ ሆኖ የወጣ ጥርስ ተመልሶ አይነጣም። ከእሱ በኋላ የተወለደችው እህቱ ግን የወተት ጥርሷን ጥላ ነጭ አበቀለች። እናቷ ጀሪካኗን እንደ ተሸከመች ዳገቱ መሃል ቆማ፣ አብራት የመጣችውን ልጇን አፏን አስከፍታ ያንን ጥርስ አየች፤ ከዚያም መንገዷን ቀጠለች።

ከዚህ የምንማረው የውሃ ደኅንነት በዓይንና በምላስ ሳይሆን በምርመራ እንደሚታወቅ፣ የደከሙበት ነገር ጉድለት እንዳለበት መስማት ቢመርም ሳያውቁ ከመጠጣት እንደሚሻል ነው።