የማን አመድ ነው?

ድንጋይ ከሰል የሚያነድ የአንድ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ከጭስ ማውጫቸው የሚወጣው አመድ መንደሩ ያሰጣውን በርበሬ ሁሉ አበላሸው። ሰዉ አቤት ቢል፣ ሥራ አስኪያጁ ሽማግሌዎች ፊት ቀርበው፣ «ይህ አመድ የእኔ ከሆነ ልጆቼን ይንሳኝ!» ብለው ማሉ። እንዲህ ከተማለ በኋላ ሽማግሌ ምን ይላል? ነገሩ በዚያው ቀረ።

አንዲት ግንበኛ ግን ባለቤት ያጣውን አመድ ጠራርጋ፣ ከኖራና ከጠጠር ጋር አቡክታ፣ ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን ማጥ ሞላችበት። ክረምት ሲገባ እንኳን ሰው፣ የጭነት መኪናም አልሰጠመበት።

ወሬው ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ደረሰ። ለካ አመድ ለግንባታ ይፈለጋል! ሎደር አስከትለው መጡና እነዚያኑ ሽማግሌዎች አስጠርተው ጮኹ።

«መንገዱ ይቆፈር! አመዱ ከፋብሪካዬ የወጣ የራሴ ንብረት ነው። አንቺ ሌባ፣ የማን እንደሆነ እዚሁ ተናገሪ!»

ግንበኛዋ የደነገጠች መስላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ኧረ ቀስ ይበሉ ጌታዬ፣ እግዜር ይሰማዎታል!» አለች። «መንገዱን ከፈለጉ ይቆፍሩት፤ እኛ ጭቃውን ለምደነዋል። ብቻ የእኔ ነው አይበሉ። ልጆችዎ ምን አደረጉ?»