መንግሥትን ለመቀበል የወጣው አምቡላንስ

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክልል ሐኪም ቤት ሳትደርስ መንገድ ላይ የምትቀር ወላድ አትኖርም!» አለች አንዲት ሴት።

ማን ናት አትሉኝም? አዲስ የተመረጠች ርዕሰ መስተዳድር ናት። ምክር ቤቱ ፊት ቃለ መሐላ ፈጸመች፣ ካቢኔዋን አስጸደቀች፣ ተጨበጨበላት። «አለች» እያልኩ የምደፍራት እዚህ ስለሌለች ነው፤ ብትኖር «አሉ» እላለሁ። እናንተም ትላላችሁ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ተወለደችበት ወረዳ ጉዞ ሆነ። አቀባበል ሲባል መቼም ታውቁታላችሁ። ወረዳው ያለውን መኪና ሁሉ ሰብስቦ፣ ባንዲራ አስሮ፣ ክላክስ እያስጮኸ እስከ መግቢያው ድልድይ ወጣ። ስንት መኪና ነበረው? ሦስት። ሦስተኛው አምቡላንስ ነው። እሱም ፊኛ ታሰረለት! ውስጡ የድምፅ ማጉያ ተጫነበት!

በዚያው ጠዋት ትጓደድ የምትባል ሴት ምጥ ያዛት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። እስከ ቀትር አልወለደችም፤ ጭራሽ ደም ይፈሳት ጀመር። እናቷ እማማ ወርቅያንሹ ለአምቡላንሱ አስደወሉ። ሹፌሩ ምን አለ?

«አቀባበል ላይ ነኝ። መንግሥት ሲያልፍ እመጣለሁ።»

ምጥ መንግሥት እስኪያልፍ ይጠብቃል? አይጠብቅም! ጎረቤት ተጠራርቶ ትጓደድን በቃሬዛ አስፋልቱ ዳር አወጣት። ወዲያው የመኪናው ሰልፍ መጣ። እማማ መሐል መንገድ ገብተው ቆሙ።

«እማማ፣ ዞር በሉ! መንግሥት እያለፈ ነው!» አለ ፖሊሱ።

«ይለፍ! ማን ያዘው? መኪናችንን ጥሎልን ይለፍ!»

ርዕሰ መስተዳድሯ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ሊቀበሏት የወጡ መስሏት፣ «አመሰግናለሁ እናቴ፣ በዚህ ፀሐይ!» አለች። ከዚያ ቃሬዛውን አየች። ፈገግታዋ ጠፋ።

እውነት ለመናገር ክፉ ሴት አይደለችም። ወረደች። ፊኛውን በገዛ እጇ በጠሰች፣ የድምፅ ማጉያውንም ከሰዎቹ ጋር ተጋግዛ አወረደች። ትጓደድን አስገቧት፤ አምቡላንሱ በረረ።

ወገኖቼ፣ በእሷ አትሳቁ። እኛስ? እኛ መዘምራን «አገልግሎት አለብን» ብለን ከቤት ስንወጣ፣ ጀሪካኑን ወገቧን ለታመመች እናታችን ጥለን አይደለም እንዴ? እናንተስ አባቶች፣ ለክብረ በዓሉ ድንኳን ስትተክሉ የጎረቤታችሁን በር አልዘጋችሁም? ዞር ብለን እንይ እንጂ! ስናገለግል ማን መንገድ ላይ ቀረ? ስናጠፋ አላልኩም። ስናገለግል ነው ያልኩት።

ከሰዓት በኋላ ርዕሰ መስተዳድሯ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄደች። ትጓደድ ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው። አዋላጇ ግን፣ «ግማሽ ሰዓት ቢዘገዩ ኖሮ አንደርስላትም ነበር» አለች።

ርዕሰ መስተዳድሯ ሕፃኗን ታቀፈቻት። ደስ አላት፤ ነፋ ነፋም አደረጋት።

«እማማ፣ እኔ ዛሬ ባልመጣ ኖሮ ምን ይውጣችሁ ነበር?»

እማማ ወርቅያንሹ እጃቸውን ዘርግተው የልጅ ልጃቸውን ተቀበሉ።

«እርስዎ ባይመጡማ መኪናው እቤቱ ነበር!»