ልጁን ከበር የመለሰለት ሰው

አንድ ነጋዴ ነበር፤ አዝመራው ይባላል። መኪኖች ለምሳ በሚቆሙባት በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ቪዲዮ ቤት ከፍቶ ይኖር ነበር። ዘመኑ ፊልም በስልክ የማይታይበት፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠርበት ነው። የአዝመራው ቤት በቆርቆሮ የተሠራ ሰፊ አዳራሽ ነበር፤ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበት ጠዋት ጠዋት የህንድ ፊልም፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኳስ ይታይበታል። ከአዳራሹ ጀርባ በወፍራም መጋረጃ የተከለለች ሌላ ክፍል ነበረች። እዚያች ውስጥ የሚታየው ለአዋቂ ብቻ የተሠራ ፊልም ነው። ሾፌሮችና የቀን ሠራተኞች ከሰዓት በኋላ እየገቡ ያያሉ።

አዝመራው ክፉ ሰው አልነበረም። ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል፤ የታመመ ጎረቤት ካለ ሳይጠይቅ አያድርም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንድ ልጁን ናሆምን እንደ ዓይኑ ብሌን ያየዋል። ልጁ ደህና ትምህርት ቤት እንዲገባ ብሎ በአጎራባቹ ከተማ እህቱ ዘንድ አስቀምጦታል። አንድ ነገር ላይ ብቻ ልቡ ተኝቶ ነበር። መጋረጃው ላይ «ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ለጥፏል፤ በሩ ላይ ግን ዕድሜ የሚጠይቅ ሰው የለም። የከፈለ ሁሉ ይገባል። ደብተራቸውን በጉያቸው የሸጎጡ ልጆች ገብተው ሲቀመጡ ያያል፤ ያይና ፊቱን ያዞራል። ጎረቤቱ አንድ ቀን «አዝመራው፣ እነዚህ እኮ ገና ልጆች ናቸው» ቢለው፣ «ማንበብ ያውቁ የለም እንዴ? ጽሑፉ ተለጥፎላቸዋል!» ብሎ ሳቀ።

በከተማዋ ትምህርት ቤት የትናየት የምትባል መምህርት ነበረች። ተማሪዎቿ ቀስ በቀስ ሲለወጡባት አየች። በዕረፍት ሰዓት አብረው ይሯሯጡ የነበሩ ልጆች ተራራቁ፤ ሴቶቹ ወንዶቹ በቆሙበት ማለፍ ፈሩ። አንድ ጎበዝ ተማሪዋ ደግሞ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ልቡ የለም፤ ዓይኑን ከጠረጴዛው አያነሣም። ሌሎቹ ሲወጡ አስቀርታ ብትጠይቀው እንባው ቀደመው።

«ያየሁት ነገር ከዓይኔ አልሄድ አለኝ፣ ቲቸር። ለማን ልንገር?» አላት።

የት እንዳየው ሲነግራት አልተቆጣችውም። «እንኳን ነገርከኝ የኔ ልጅ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ብላ አረጋጋችው። እሱን ወደ እናቱ ሸኝታ እሷ በቀጥታ ወደ ከተማው ሽማግሌዎች ሄደች። ሽማግሌዎቹም ነገሩን ለወረዳው አስተዳደር አደረሱት፤ ሕዝቡም በቀበሌው አዳራሽ ተጠራ።

ስብሰባውን የመሩት ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሐጂ ሸምሱ ነበሩ። የቀረበው ሕግ አጭር ነው፤ የአዋቂ ፊልም የሚያሳይ ቤት ሁሉ በሩ ላይ ሰው ያቁም፣ መታወቂያ ያይ፣ ዕድሜው ያልደረሰውን ይመልስ፤ ልጅ ያስገባ ቤት ይዘጋል። ሕጉ ለዚያች ከተማ ብቻ ሳይሆን በወረዳው ላሉ ከተሞች ሁሉ ነው። ገና ተነቦ ሳያልቅ አንድ ሾፌር እጁን አወጣ።

«ሐጂ፣ እኔ ሕፃን አይደለሁም፤ የማየውም የራሴ ጉዳይ ነው። ግን ስሜ በር ላይ ተመዝግቦ ነገ ባለቤቴ ጆሮ ቢደርስ ማን ሊያስታርቀኝ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሐጂ ሸምሱ ግን አልሳቁም። «ጥያቄህ የሚያስቅ አይደለም» አሉት። «በረኛው ማወቅ ያለበት የተወለድክበትን ዓመት ነው። ስምህ ምን ያደርግለታል? አይቶ ይመልስልህ። አይጻፍ፣ አያስቀር፣ ለሌላ አይንገር። የጻፈም እንደዚያው ይቀጣ።» ይህም በሕጉ ላይ ተጨመረና ሾፌሩ ተቀመጠ።

ቀጥሎ አዝመራው ተነሣ። ፊቱ ቀልቷል። «ልጅ መጠበቅ የወላጅ ሥራ ነው! እኔ ነጋዴ እንጂ የሰው ልጅ ሞግዚት አይደለሁም። እያንዳንዱ የራሱን ልጅ ይያዝ። እኔ የራሴን ይዣለሁ።»

«ልክ ብለሃል፤ የወላጅ ሥራ ነው» አሉ ሐጂ ሸምሱ። «እስቲ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጅህ አሁን የት ነው ያለው?»

«እህቴ ጋ።»

«እህትህ ጋ መሆኑንማ ሁላችንም እናውቃለን። አሁን፣ እኔና አንተ እዚህ ስንነጋገር፣ የት ቆሟል?»

«እንግዲህ... ትምህርት ቤት ይሆናል» አለ አዝመራው።

«አየህ፣ እኛም አናውቅም» አሉት። «ወላጅ ልጁ የደረሰበት ሁሉ አይደርስም። እሱ በሌለበት ቦታ የቆመ ሰው ነው ወላጅ የሚሆንለት።»

ሕጉ ጸደቀ። አዝመራው ግን እያጉረመረመ ወጣ። ቤቱ እንዳይዘጋበት ሲል በረኛ ቀጠረ፤ በልቡ ግን ሕጉን አልተቀበለውም። ልጆቹ ሲቀሩ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ንዴቱ ጋለ። በየሄደበት ያንኑ ያወራል። ናሆም ለበዓል ሲመጣ እንኳ ምሳ እየበሉ «የማይረባ ሕግ አውጥተው እንጀራዬን ዘጉብኝ» ይለው ነበር። በመጨረሻም አንድ ነገር አሰበ። በአጎራባቹ ከተማ እንደ እሱ ቪዲዮ ቤት ያለው ነጋዴ አለ። ሁለት ሆነን አቤት ብንል ሕጉ ይነሣል ብሎ በገበያ ቀን በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረ።

የዚያኛው ነጋዴ ቤት መናኸሪያው ጀርባ ነው። አዝመራው ወደ በሩ ሲቃረብ የጭቅጭቅ ድምፅ ሰማ። ካፖርት የለበሱ አንድ ጠና ያሉ በረኛ በሩ መሐል ቆመዋል። ከፊታቸው አንድ ልጅ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ይከራከራል። አዝመራው ድምፁን ሲሰማ እግሩ መሬት ላይ ተተከለ። ናሆም ነው።

«አሥራ ስምንት ሞልቶኛል አልኩዎት እኮ!»

«እሺ፣ መታወቂያህን አሳየኝና ግባ።»

«ቤት ረስቼው ነው።»

«እንግዲያው ቤት ሂድና አምጣው። እኔ የትም አልሄድም፤ እዚሁ ነኝ።»

ናሆም ሌላ ነገር ሞከረ። «አባቴም እንዲህ ዓይነት ቤት አለው። ሕጉ የማይረባ ነው ብሎኛል።»

በረኛው አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ልጁን አዩት። «እስቲ እውነቱን ንገረኝ። አባትህ አሁን እዚህ ቢቆም አንተን ያስገባሃል?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «እኔን አያስገባኝም» አለ። «የሰው ልጆች ግን ሲያስገባ አይቻለሁ።»

አዝመራው ይህን ሲሰማ አጠገቡ ያለውን የመብራት እንጨት ያዘ። ፊቱን እያዞረ ያሳለፋቸው ልጆች ሁሉ በዚያች ቅጽበት የሰው ልጅ መሆናቸው ገባው። እያንዳንዳቸው አባት አላቸው። እያንዳንዱም አባት ልጁን ይዣለሁ ብሎ ያምን ነበር፤ ልክ እንደ እሱ።

«ናሆም» ብሎ ተጣራ።

ልጁ ዞር ብሎ አባቱን ሲያይ ደም ከፊቱ ሸሸ። «አባዬ... ልትመታኝ ነው?»

«አልመታህም። ና» ብሎ ወደ ደረቱ ሳበው። ከዚያም ወደ በረኛው ዞረ። ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሊስም ሲል ሰውዬው ደንግጠው እጃቸውን ነጠቁት።

«ኧረ ተው! ምን ሆነህ ነው? እኔ ምን አደረግሁ? ዕድሜውን ጠየቅሁት፤ አልደረሰም፤ መለስኩት።»

«ልጄ ነው» አለ አዝመራው። «አያውቁትም እኮ። የማን እንደሆነም አያውቁም።»

«አላውቀውም። የሚያውቀውንማ ማንም ይመልሰዋል» አሉ በረኛው።

አዝመራው ማንንም ሰው እንዲህ አመስግኖ አያውቅም። እሱ በሌለበት፣ እሱ ሕጉን ሊያስነሣ በመንገድ ላይ ሳለ፣ ስሙን የማያውቀው ሰው በዚያው ሕግ ልጁን ጠብቆለታል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላቸው፤ ደግሞም አላቸው። ሊያገኘው የመጣውን ነጋዴ ሳያነጋግር የልጁን እጅ ይዞ ተመለሰ።

በመንገድ ላይ አባትና ልጅ ቀስ እያሉ ሄዱ። «ለምን ማየት ፈለግህ?» ብሎ ጠየቀው፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ አይተናል ይላሉ። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። ይስቁብኛል።»

«ሊነግርህ የሚገባው ፊልሙ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ» አለ አዝመራው። «እናትህ ብትኖር ትነግርህ ነበር። እኔ አፍሬ ዝም አልኩህ። ከዛሬ ጀምሮ የከነከነህን ሁሉ ጠይቀኝ። የማፍር ከሆነ እያፈርኩም ቢሆን እመልስልሃለሁ።»

ናሆም ሳቀ። አባቱም ሳቀ። አክስቱ ቤት እስኪደርሱም ልጁ ጠየቀ፤ አባቱም እያፈረ መለሰ።

አዝመራው ወደ ከተማው ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው ከቪዲዮ ቤቱ ጀርባ ልጆች የሚሾልኩበትን የቆርቆሮ ክፍተት በምስማር መዝጋት ነበር። ክፍተቱን ከድሮም ያውቀዋል። ቀጥሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደና መምህርት የትናየትን አስጠራት።

«ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት፣ መምህርት» አላት። «በስብሰባው ቀን በልቤ ረግሜሽ ነበር። ያ ሕግ ግን የኔን ልጅ መለሰልኝ።» የሆነውን ሁሉ ነገራት። ከዚያም እንደ ማፈር ብሎ፣ «በስብሰባው የተነሣው፣ ያ ያለቀሰው ተማሪሽስ እንዴት ሆነ?» አላት።

«ደህና እየሆነ ነው። ሰሞኑን ኳስ ሲጫወት አይቼዋለሁ።»

«ማን እንደሆነ ንገሪኝ። እሱንም ወላጆቹንም ይቅርታ ልጠይቅ።»

መምህርቷ ራሷን ነቀነቀች። «ስሙን አልነግርዎትም፣ አቶ አዝመራው። እሱ እንዲረሳው ነው የምንፈልገው። ይቅርታውን በርዎ ላይ ቆመው ይጠይቁ።»

እሱም እንዳለችው አደረገ። ከዚያ ወዲያ በረኛው ሲደክመው ራሱ በሩ ላይ ይቆማል። አዋቂው ሲመጣ ዓመቱን ብቻ አይቶ፣ ሰላም ብሎ ያሳልፈዋል። ልጅ ሲመጣ አይሰድበውም፣ አያሳፍረውም፤ «ገና ነህ የኔ ልጅ፤ ሲደርስ ትመጣለህ» ብሎ ይመልሰዋል። ልጆቹ አንዳንዴ ይቆጡታል፤ አንዳንዶቹም ሌላ ቀዳዳ ፈልገው እንደሚያዩ ያውቃል። አንድ በር ሁሉን አይጠብቅም። ሆኖም እሱ የመለሰው ልጅ ቢያንስ በእሱ በር አልገባም። በኋላ ዓመታት፣ ልጆች የወለዱ ጎልማሶች መንገድ ላይ አስቁመው «ጋሽ አዝመራው፣ ያኔ ጠልተንዎት ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልን» ሲሉት፣ ምስጋናው የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃልና፣ መናኸሪያ ጀርባ ስለቆሙ አንድ በረኛ ይነግራቸው ነበር።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ያቺ በመጋረጃ የተከለለች ክፍል በየልጁ ኪስ ውስጥ ገብታለች። በሯ ላይ «አሥራ ስምንት ሞልቶኛል» የሚል ቁልፍ አለ፤ የሚጫነውን ጣት ግን ማንም አያይም። በአንዳንድ አገሮች ለዚያ በር ዕድሜ የሚያረጋግጥ በረኛ ይቁምለት የሚል ሕግ ሲወጣ፣ እኛም እንደ አዝመራው «ልጅ መጠበቅ የወላጅ ሥራ ነው» ልንል እንችላለን። እውነት ነው፣ የወላጅ ሥራ ነው። ግን በዚህች ሰዓት ልጃችን የትኛው በር ላይ እንደቆመ ማናችን እናውቃለን? ትምህርቱ ይህ ነው፤ የሰውን ልጅ የሚጠብቅ ሕግ ሲወጣ ለራሳችን ልጅ እንደወጣ እንቁጠረው። የአዋቂውን ምስጢር ሳይነካ ልጁን የሚመልስ በረኛ ሲገኝም እናክብረው። እኛም ያደግነው ስማችንን የማያውቁ ሰዎች ከስንት በር መልሰውን ነው።

እስቲ መለስ ብላችሁ አስቡ፤ በልጅነታችሁ «ገና ነህ»፣ «ገና ነሽ» ብሎ ከበር የመለሳችሁ ሰው ማን ነበር? አመስግናችሁታል?