የተጣበቀው የቀበሌ በር

ይህን የነገረችኝ የቀበሌያችን አዳራሽ ጽዳት ሠራተኛ ሙላቷ ናት፤ መጥረጊያዋን ተደግፋ የማታየው ነገር የለም።

አንድ የባቡር ጡረተኛ፣ ምላሱ የማይቻል ሰውዬ፣ የሰፈራችንን ጣቢያ ከነዳቦ ቤቱ፣ ከነቀበሌው አሳንሶ ከሰርዲን ቆርቆሮ ሠራና አዳራሹ ውስጥ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ለሕዝብ አሳየ። ሦስት ዓመት ለፍቶበታል። ክንድ የማታክል ባቡር በባትሪ ትዞራለች፤ የየቤቱም በር በጣት ሲነኩት ይከፈታል።

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ጥላዬ አጃቢ አስከትለው መጡና ጠረጴዛው ላይ ያለውን የራሳቸውን ቢሮ በር በጣታቸው ገፉት። እምቢ አለ። ቢስቡትም ያው ነው።

«የሁሉም ሲከፈት የኔ የተጣበቀው ለምንድን ነው? አሁኑኑ ክፈተው፤ አለዚያ ጠረጴዛህን ይዘህ ውጣ» አሉት።

ሰውዬው ባቡሯን አቆመና፣ «ክቡር ሊቀመንበር፣ እኔ በዓይኔ ያላየሁትን አልሠራም። መታወቂያ ላሳድስ አሥራ አንድ ቀን ተመላልሻለሁ፤ የርስዎ በር ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ እስካሁን አላየሁም። ነገ ይክፈቱልኝና አይቼ እሠራዋለሁ» አላቸው።

አጃቢዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ።

በማግስቱ አቶ ጥላዬ በሁለት ሰዓት ቢሮ ገቡ። ባቡሯ እስከ እሑድ ዞረች። ሰውዬውም መታወቂያውን አሳደሰ፤ በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው።