ምስማር አልይዝም ያለው ቆርቆሮ

ነገር ልጀምር ነው፤ «ከየት እስከ የት?» በሉኝ። ከቆርቆሮ ቤት እስከ ማህተም ቤት! ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩን አትዝጉት፣ ነፋስ ይግባ።

ታንጉት የምትባል አናጺ ነበረች። አዎ፣ ሴት አናጺ፤ ምን ያስቃል? ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ወርክሾፕ የሰው በርና የሰው አልጋ ስትሠራ ኖራ፣ በመጨረሻ በእናት በአባቷ ግቢ የራሷን ወርክሾፕ አቆመች። ቋሚው ብረት፣ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። መላጊያዋን አስገባች፣ መዶሻና መሮዋን አስገባች፣ የመሰንጠቂያ ማሽኗን በአራት ሰው አሸክማ አስገባች። የቀራት መጋዟን ግድግዳ ላይ መስቀል ብቻ ነበር።

ግቢው ግን የእሷ ብቻ አይደለም፤ የታላቅ ወንድሟ የይርዳውም ነው። እሱ መጣ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቤቱን ዞረ።

«ዕቃ ያልተሰቀለበት ወርክሾፕ ምን ወርክሾፕ ነው?» አለ። «የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል መጋዝሽ ካልተሰቀለ፣ ቤቱ ለዶሮዎቼ ነው። ሠላሳ ጫጩት አዝዣለሁ።»

«ጋሼ፣ አንተ ስለ ዶሮ ምን ታውቃለህ?»

«መብላቱን አውቃለሁ፤ ሌላውን እማራለሁ።»

ታንጉት ምስማር አንስታ ቆርቆሮውን መታችው። ምስማሩ በስቶ ወጥቶ ጎረቤት አጥር ሥር ወደቀ።

«እኔ ምስማር አልይዝም» አለ ቆርቆሮው። «እንደ ወረቀት የሳሳሁ ነኝ። ከጀርባዬ የእንጨት ማገር ካልገባ አልይዝም።»

ታንጉት ወደ እንጨቱ ሄደች። ረጅም ግንድ ነው፣ ግቢው ውስጥ ተጋድሟል።

«እንጨት ሆይ፣ ቆርቆሮ ካላንተ ምስማር አልይዝም አለ፤ ክረምቱ ደረሰ፣ መጋዜ አልተሰቀለ!»

«በእጅ መጋዝ የተሰነጠቀው አያቴ ነው» አለ እንጨቱ። «ሰባት ሜትር ነኝ፤ በእጅ ብትጀምሪኝ ለሚመጣው ፋሲካም አልደርስልሽ። ማሽን ካልመጣ አልሰነጠቅም።»

ኩሩ እንጨት! ወደ ማሽኑ ሄደች።

«ማሽን ሆይ፣ እንጨት ካላንተ አልሰነጠቅም አለ፤ ቆርቆሮ ካለ እንጨት ምስማር አልይዝም አለ፤ ክረምቱ ደረሰ፣ መጋዜ አልተሰቀለ!»

«ያለ መብራት ማን ዞሮ ያውቃል? መብራት ካልመጣ አልዞርም።»

መብራት ከመንገድ ማዶ ምሰሶ ላይ ተቀምጧል። ቅርብ ነው፣ ያፏጫል።

«መብራት ሆይ፣ ማሽን ካላንተ አልዞርም አለ፤ እንጨት ካለ ማሽን አልሰነጠቅም አለ፤ ቆርቆሮ ካለ እንጨት ምስማር አልይዝም አለ፤ ክረምቱ ደረሰ፣ መጋዜ አልተሰቀለ!»

«እኔ የሚቆጥረኝ በሌለበት ቤት አልገባም» አለ። «ቆጣሪ ይሰቀልና እመጣለሁ። ከመጣሁ ደግሞ ሁልጊዜ እኖራለሁ ብዬ አልምልም።» ይኼን እንኳ እውነቱን ነው።

ቆጣሪው መጋዘን ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተኝቷል።

«ቆጣሪ ሆይ፣ መብራት ካላንተ አልገባም አለ፤ ማሽን ካለ መብራት አልዞርም አለ፤ እንጨት ካለ ማሽን አልሰነጠቅም አለ፤ ቆርቆሮ ካለ እንጨት ምስማር አልይዝም አለ፤ ክረምቱ ደረሰ፣ መጋዜ አልተሰቀለ!»

«ቤት ስለመኖሩ ደብዳቤ አለሽ?»

«ቤቱ ይኸው ከዚህ ይታያል!»

«እኔ አላይም፤ የሚያይልኝ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ካልመጣ አልሰቀልም።»

ደብዳቤውንስ አገኘችው። ማህተም ቤት፣ አቶ ሽታሁን ከሚባሉ ሹም ጠረጴዛ ላይ፣ ተጽፎ ተፈርሞ ተጋድሟል። ከሻይ ብርጭቆ ሥር ነው፣ ክብ ምልክት ወጥቶበታል።

«ደብዳቤ ሆይ፣ ተነሥ! ቆጣሪ ካላንተ አልሰቀልም አለ፤ መብራት ካለ ቆጣሪ አልገባም አለ፤ ማሽን ካለ መብራት አልዞርም አለ፤ እንጨት ካለ ማሽን አልሰነጠቅም አለ፤ ቆርቆሮ ካለ እንጨት ምስማር አልይዝም አለ፤ ክረምቱ ደረሰ፣ መጋዜ አልተሰቀለ!»

«ይኼ ክብ የብርጭቆ ነው፣ የማህተም አይደለም» አለ ደብዳቤው። «ማህተም ካላረፈብኝ አልሄድም፤ ብሄድም ማን ያናግረኛል?»

«ማህተም ሆይ፣ የት ነህ?»

«መሳቢያው ውስጥ!» አለ የታፈነ ድምፅ። «ማረፉንስ ባረፍኩበት፤ መሳቢያው ካልተከፈተ አልወጣም።»

እስቲ አሁን እናንተ በሉት፣ እኔ ትንፋሽ ልውሰድ። በሉ እንጂ!

«መሳቢያ ሆይ፣ ማህተም ካላንተ አልወጣም አለ፤ ደብዳቤ ካለ ማህተም አልሄድም አለ፤ ቆጣሪ ካለ ደብዳቤ አልሰቀልም አለ፤ መብራት ካለ ቆጣሪ አልገባም አለ፤ ማሽን ካለ መብራት አልዞርም አለ፤ እንጨት ካለ ማሽን አልሰነጠቅም አለ፤ ቆርቆሮ ካለ እንጨት ምስማር አልይዝም አለ፤ ክረምቱ ደረሰ፣ መጋዜ አልተሰቀለ!»

ጎበዞች። መሳቢያውስ ምን አለ? አቃሰተ።

«በእርጥብ ባሕር ዛፍ ነው የሠሩኝ» አለ። «አንድ ሰው ስብሰባ ላይ ‹ይድረቅ እንጂ› ቢላቸው ‹የምረቃው ቀን ደርሷል› አሉት። ሪባን ቆረጡልኝ፣ አጨበጨቡልኝ። ይኸው የበልግ ዝናብ ሲመጣ አበጥኩ፣ ተቀረቀርኩ። አናጺ ካልላገኝ አልከፈትም።»

ታንጉት ሳቀች። «አናጺማ እኔ አለሁ!» ብላ መላጊያዋን ከቦርሳዋ መዘዘች።

«እህቴ፣ እጅሽን ሰብስቢ!» አሉ አቶ ሽታሁን። «የቢሮ ንብረት ነው። አናጺ መሳቢያውን እንዲነካ ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

«ይጻፍልኛ።»

«ተጽፏል፤ ይኸው። ማህተም ብቻ ነው የጎደለው።»

«ማህተሙስ?»

አቶ ሽታሁን በጣታቸው መሳቢያውን አሳዩ።

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ መሳቢያውን አየ። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ አንዲት ባልቴት «ወይ ጉድ! እኔስ የተቀረቀርነው እኛ ባለጉዳዮች ብቻ መስሎኝ» አሉ።

ውጭ ሰማዩ ጠቁሯል። ነጎድጓድ አንዴ አጉረመረመ። ታንጉት ሠላሳ ጫጩት ማሽኗ ላይ ሰፍሮ ታያት።

«ጌታዬ፣ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሦስት ሳምንት» አሉ አቶ ሽታሁን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የእኔም የዓመት ፈቃድ እዚያው ውስጥ ነው። የእህቴ ሰርግ አለፈኝ፤ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች።»

ታንጉት በርከክ አለች። ጠረጴዛውን ከሥር አየችው፣ ከጎን አየችው፣ በጣቷ አንኳኳችው።

«ያ ደብዳቤ የሚያስፈልገው ምኑን ለመንካት ነው? ያንብቡልኝ እስቲ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። «‹መሳቢያውን› ይላል።»

«ስለ ጠረጴዛው የላይኛው ፊትስ?»

ገልብጠው አዩት፣ ጀርባውንም አዩት። «ስለ እሱስ ምንም አይልም።»

«እንግዲያውስ ሻይዎን ያንሡልኝ!»

አቶ ሽታሁን ዙሪያውን አዩ። ከዚያ ሻዩን አነሡ። ታንጉት በመዶሻዋ ቀንድ አንድ ምስማር ነቀለች፣ ሁለት ነቀለች፣ አራት ነቀለች። የጠረጴዛውን ፊት እንደ ድስት ክዳን ብድግ ስታደርገው መሳቢያው ከላይ ወለል አለ። መሳቢያው አልተነካም፣ አልተከፈተም። እጅዋን ሰድዳ ማህተሙን አወጣች። ባልቴቷ እልል አሉ።

ያን ጊዜ ምን ሆነ መሰላችሁ? ማህተም ወጣና ደብዳቤው ላይ አረፈ፤ ደብዳቤ ሮጠና ቆጣሪን ቀሰቀሰ፤ ቆጣሪ ተሰቀለና መብራትን ጠራ፤ መብራት ገባና ማሽንን አዞረ፤ ማሽን ዞረና እንጨትን ሰነጠቀ፤ እንጨት ማገር ሆነና ከቆርቆሮ ጀርባ ቆመ፤ ቆርቆሮ ምስማሩን ጥርቅም አድርጎ ያዘ፤ ታንጉት መጋዟን ሰቀለች። ወዲያው ጠብ! ጠብ! ጣሪያው ላይ ዝናቡ ወረደ።

ይርዳው ጫጩቶቹን በካርቶን አቅፎ እየሮጠ ገባ። ቀና ሲል መጋዝ። ዞር ሲል የሚዞር ማሽን። ካርቶኑ ውስጥ ሠላሳው ይጮኻል።

«እና እነዚህን የት ላድርጋቸው?» አለ።

«ቤት እሠራላቸዋለሁ፣ ጋሼ» አለች ታንጉት፣ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ። «በደረቅ እንጨት። አሁን ቁም፣ ዝናቡ እስኪያባራ እንጨቱን ያዝልኝ።»

ይርዳው ያዘ። ምን ያድርግ?

ማህተም ቤትም ሥራው ቀጥሏል። መሳቢያው እስከ ዛሬ አልተከፈተም፤ አቶ ሽታሁን ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር ሻያቸውን ያነሣሉ፣ ጠረጴዛውን ይከፍታሉ፣ ይከድናሉ።

ነገሬን ሰቀልኩት፤ የፈለገ አውርዶ ያውራው።