ዶሮ ምንጭ ልትጠርግ ወጣች

ተረት ተረት፤ ሰሚ አይጥፋበት።

እንስሳት ሁሉ የሚጠጡባት ምንጭ በደለል ተደፈነችና፣ በጋው ሳይብስ እናቶች ከነሴት ልጆቻቸው ወጥተው እንዲጠርጓት ተማከሩ። ዶሮም ቄቧን አስከትላ መጣች።

ኤሊና ልጇ ጭቃውን በጀርባቸው እየተሸከሙ ሲያወጡ ዋሉ። ዶሮ ግን ትሉ ያለው ከዳር ነውና፣ ጀርባዋን ለምንጩ ሰጥታ ዳር ዳሩን ትጭር ጀመር። ትሉን ትለቅማለች፤ አፈሩ ከኋላዋ እየተፈናጠረ ተመልሶ ምንጩ ውስጥ ይገባል። ቄቢቱም አጠገቧ ሆና እንደ እናቷ ትጭራለች።

በመጨረሻ የኤሊ ልጅ ፊቷ በአፈር ተሞላና፣ "ኧረ አንቺ! ያወጣነውን እኮ መልሰሽ ሞላሽው!" ብላ ጮኸች።

"እኔ ምን ላድርግ? እማዬ ናት ያስተማረችኝ" አለች ቄቢቱ፣ ሁሉም እየሰማ። "'ትል ካለ ጫሪ፤ የሚያይሽ ካለ ደግሞ በርትተሽ ጫሪ' ብላኛለች።"

ሳቁ ሜዳውን ሞላው። ዶሮ አንገቷን ክንፏ ሥር ቀበረች። እናት ኤሊ ብቻ አልሳቀችም። ወደ ቄቢቱ ቀረብ ብላ፣ "ነይ የኔ ልጅ፣ ፊትሽን ወደ ምንጩ አዙረሽ ጫሪ፤ አፈሩ ወደ ሜዳው ይሄድልሻል" አለቻት።

ቄቢቱ ዞራ ጫረች። ዶሮም መጥታ፣ ትል በሌለበት በኩል ከልጇ ጎን ቆመች።

ወደ ማታ ውሃው ፈለቀ። ቄቢቱ ጎንጨት አለችና እንደ ዶሮ ወግ ወደ ሰማይ ቀና ብላ አመሰገነች። እናቷም ጎነጨች፤ ግን ቀና ለማለት አፈረች። የጎነጨችውም ውሃ ከአፏ ተመልሶ ምንጩ ላይ ተንጠባጠበ።