መስኮቱ እስኪከፈት

ጆሮ ያለው ይጠጋ። እኔ ልንገር፣ ስደግመው እናንተም አብራችሁኝ ድገሙ።

ከባሕር ማዶ፣ ፀሐይዋ በማትራራ ከተማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ስደተኞች አገራቸው እስኪመለሱ የሚታጎሩበት ጣቢያ ነበር። የሴቶቹ ክፍል ድሮ መጋዘን የነበረ ነው። ከመጥበቡ የተነሳ አንዷ በተኛችበት ስትገላበጥ ሁሉም ይገላበጣሉ። ቧንቧው አንድ፣ መስኮቱም አንድ። እሱም በብረት መዝጊያ ተከርችሟል። አንዲት ሴት በዚያ በኩል መንገደኛ ጠርታ፣ "ለእናቴ ደውሉልኝ" በማለቷ ነው ይባላል።

እዚያ ውስጥ እቴነሽ የምትባል የደብረ ማርቆስ ልጅ ነበረች። አስም አለባት፤ ሲይዟት መድኃኒቷ ከቦርሳዋ ጋር ቀርቷል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ደረቷ ሲር ሲር ይል ጀመር፤ ከንፈሯ ጠቆረ። አጠገቧ የምትተኛው የከሚሴዋ ዘምዘም ደግፋ አስቀመጠቻት።

"ምን ላድርግልሽ፣ እህቴ?"

"አየር" አለች እቴነሽ። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ዘምዘም ሰው ቤት ስትሠራ አረብኛ ለምዳለች። ግቢውን የምትጠርገውም እሷ ስለሆነች እንደ ልቧ ትወጣለች። መጥረጊያዋን አንስታ በር ላይ ወደ ተቀመጠችው ዘበኛ፣ ወደ ኡም ራሺድ ሄደች።

"ኻልቲ፣ አክስቴ፣ መስኮቱን ይክፈቱልን። ልጅቷ መተንፈስ አቃታት።"

"ቁልፉ እኔ ጋ ነው" አለች ኡም ራሺድ። "ግን ሙዲሩ ካላዘዘ አልከፍትም።"

ሙዲር የሚሉት የጣቢያውን አለቃ ነው። ዘምዘም ቢሮው ደጃፍ ቆማ ለመነችው።

"ሁላችሁም ታመምን ነው የምትሉት" አለ። "ሐኪሙ ካልመረመራት አላዝም።"

እንግዲህ መስኮቱ አይከፈትም፣ ኡም ራሺድ ካልከፈተች፤ ኡም ራሺድ አትከፍትም፣ ሙዲሩ ካላዘዘ፤ ሙዲሩ አያዝም፣ ሐኪሙ ካልመረመረ። እቴነሽም አየር ትፈልጋለች።

ዘምዘም ሐኪሙ ጋ ሮጠች። እሱም ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ከእንግሊዝኛ በቀር አይሰማም። ደረቷን እየደቃች፣ እያቃሰተች ልታሳየው ሞከረች። ጆሮውን ጠቁሞ ራሱን ነቀነቀ፤ "ሙተርጂም! ሙተርጂም!" አላት። ከአረብኛ የሚያውቃት ቃል ይህች ብቻ ናት፤ አስተርጓሚ ማለት ነው።

አስተርጓሚ የሚሆን ሰው አለ። ኑረዲን ይባላል፤ ድሬዳዋ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ ነው፤ አረብኛም ያውቃል። እሱም ወንዶቹ ክፍል ታስሯል። ዘምዘም በፍርግርጉ ጠራችው።

"ጋሼ ኑረዲን፣ ልጅ እየሞተችብን ነው!"

"እኔማ አሁኑኑ እመጣለሁ፣ እህቴ" አላት ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ። "ምን ላድርግ፣ በሩ አልተከፈተልኝ።"

እንግዲህ መስኮቱ አይከፈትም፣ ኡም ራሺድ ካልከፈተች፤ ኡም ራሺድ አትከፍትም፣ ሙዲሩ ካላዘዘ፤ ሙዲሩ አያዝም፣ ሐኪሙ ካልመረመረ፤ ሐኪሙ አይመረምርም፣ ኑረዲን ካላስተረጎመ፤ ኑረዲን አይወጣም፣ በሩ ካልተከፈተ። የእቴነሽ ትንፋሽ ደግሞ እያጠረ ነው።

የወንዶቹን በር የሚጠብቀው ሀሙድ ነው። "ብቻዬን ነኝ" አላት። "የማታው ተረኛ መጥቶ አብሮኝ ካልቆመ አልከፍትም።"

ተረኛው ከዋናው በር ውጭ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። "አልገባም" አላት በበሩ ክፍተት። "የእስረኞች ቆጠራ ካላለቀ ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም። ደንብ ነው።"

ዘምዘም መጥረጊያዋን እየጎተተች ተመለሰች። እየተራመደች ለራሷ ታጉረመርማለች። መስኮቱ አይከፈትም፣ ኡም ራሺድ ካልከፈተች፤ ኡም ራሺድ አትከፍትም፣ ሙዲሩ ካላዘዘ፤ ሙዲሩ አያዝም፣ ሐኪሙ ካልመረመረ፤ ሐኪሙ አይመረምርም፣ ኑረዲን ካላስተረጎመ፤ ኑረዲን አይወጣም፣ ሀሙድ ካልከፈተ፤ ሀሙድ አይከፍትም፣ ተረኛው ካልመጣ፤ ተረኛው አይመጣም፣ ቆጠራው ካላለቀ፤ ቆጠራው…

ቀጥ ብላ ቆመች።

"ቆጠራውማ እኛ ነን!"

ገብታ ለሴቶቹ ነገረቻቸው። "ዛሬ አንቆጠርም።"

"ይደበድቡናል" አለች አንዷ።

"ይደበድቡን ይሆናል። ይህች ግን ትሞታለች።"

የእቴነሽ ደረት ሲር ሲር ይላል። ከዚያ ያቺው የፈራችው ሴት ፈቀቅ ብላ እቴነሽ አጠገብ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተከትለዋት ተቀመጡ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደወሉ ተደወለ። ኡም ራሺድ ዱላዋን ይዛ ገባች።

"ተነሱ፣ ተሰለፉ!"

"መስኮቱ ሳይከፈት አንቆጠርም" አለች ዘምዘም።

ኡም ራሺድ ወለሉን በዱላ መታች፤ የተነሳ የለም። አንዷን በክንዷ ጎትታ አቆመቻት፤ ስትለቃት መልሳ ተቀመጠች። ሙዲሩ ተጠራ።

"ራት የላችሁም!"

"ራቱ ይቅር።"

"ውኃውንም አስዘጋዋለሁ!"

እዚህ ላይ ሴቶቹ ተያዩ። በዚያ ሙቀት ውኃ ማጣት ምን እንደሆነ ያውቁታል። ዘምዘም ግን እንደ ተቀመጠች መለሰችለት።

"ጌታዬ፣ ፈቃድ የለንም ብላችሁ ነው ያሰራችሁን። ለመተንፈስም ፈቃድ ያስፈልጋል እንዴ? እኛ ካልተቆጠርን እርስዎም ከዚህ አይወጡም። እኛ የምንሄድበት የለንም፤ እርስዎን ግን ቤትዎ ይጠብቅዎታል።"

ከውጭ ተረኛው ዋናውን በር ይደበድባል። ከወዲያ ሀሙድ ይጮኻል፤ "ከንጋት ጀምሮ ቆሜያለሁ! እኔም ልጆች አሉኝ!" ሴቶቹ እንደ ተቀመጡ ናቸው።

መጀመሪያ ትዕግሥቱ ያለቀው ሀሙድ ነው። "ደንቡ ገደል ይግባ!" አለና ብቻውን በሩን ከፈተ።

ሀሙድ ቢከፍት ኑረዲን ወጣ፤ ግቢውን አቋርጦ ሐኪሙን እጁን ይዞ አመጣው። ኑረዲን ቢያስተረጉም ሐኪሙ መረመረ፤ ደረቷን አዳምጦ ፊቱ ተለወጠ፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት፣ ወደ ሙዲሩም ዞረ። "ይህ ክፍል ጤነኛውንም ይገድላል። መስኮቱ አሁን ይከፈት፤ ተመልሶም እንዳይዘጋ" አለ፤ ኑረዲን አንድም ቃል ሳይቀንስ በአረብኛ አስተጋባው። ሐኪሙ ቢናገር ሙዲሩ አዘዘ፤ ሙዲሩ ቢያዝ ኡም ራሺድ ቁልፉን አዞረች። ዝጎ አልነቃነቅ አለ፤ በዱላዋ መታችው፤ ሲጥጥ አለና መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፈተ!

የባሕር ነፋስ ገባ። ከሆነ ቤት የሚጠበስ ዓሣ ሽታም አብሮ ገባ። እቴነሽ አንዴ ሳበች፣ ደግማ ሳበች። ቀለሟ ቀስ እያለ ተመለሰ።

"ዘምዬ" አለች በመጨረሻ።

"ወዬ፣ እህቴ!"

"ዓሣው እያረረባቸው ነው።"

ሴቶቹ ሳቁ፤ አንዳንዶቹም እየሳቁ አለቀሱ። ከዚያ ተነሥተው ተሰለፉ፣ ተቆጠሩም። ተረኛው ገባ፣ ሀሙድ ወደ ልጆቹ ሄደ።

በማግስቱ ኡም ራሺድ መስኮቱን ልትዘጋ ቁልፍ ይዛ መጣች። ዘምዘም ተቀመጠች፤ እቴነሽ ተቀመጠች፤ ሁሉም ተቀመጡ። ኡም ራሺድ ለአፍታ አየቻቸውና ቁልፉን ወደ ኪሷ መለሰች።

እኔ ነገርኳችሁ፤ እናንተ ደግሞ ለሌላ ጆሮ አድርሱልኝ።